የመሪጌታ የገዛ ድምፅ

እነ የኔታ ዘሚካኤል፣ እነ መሪጌታ ተድባብ፣ ዜማ በገዛ ጉሮሮ ይወጣል ብለው ሥርዐት አኑረው አልፈዋል። ደቀ መዝሙራቸው መሪጌታ ልሳነወርቅ ግን ድምፃቸውን ላሻከረው የቃር ሕመም ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላም ጉሮሯቸው እንደ ሻከረ ስለ ቀረ፣ አፍረው እንደ ዘመኑ ሰው ሁሉ አንገት ላይ የሚታሰረውን ድምፅ አሳማሪ መሣሪያ፣ አንገትጌውን፣ አጠለቁ። አንገትጌው የሁሉንም ድምፅ አንድ ስለሚያደርግ፣ ቤተሰብ እንኳ ስሙን ሳይናገር ወሬ አይጀምርም።

«አጥሚቱ ቀዘቀዘ» አሉ መሪጌታ፣ ስማቸውን መናገር ረስተው።

«ማን ነው?» አሉ ዓይነ ስውሯ ባለቤታቸው ወይዘሮ አጸደ።

መሪጌታ አንገትጌውን ፈቱ።

«አባባ፣ ይተዉ! እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሊሉ ነው?» አለ ልጃቸው ናሁሠናይ።

ጉሮሯቸውን ጠርገው አዜሙ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ፣ ወደቀ፣ ደግሞም ተነሣ።

ወይዘሮ አጸደ ግድግዳ ሳይዳብሱ መጥተው የመሪጌታን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። «እርስዎ ነዎት! የት ሰነበቱ?»

ናሁሠናይ በዜማው ግርማ ተውጦ ቆመ። የራሱን አንገትጌ ፈታና፣ «አባባ፣ ተሳስቼ ነበር» አለ።