ምን ጎድሎብን

ይታይሽ በምጥ ተይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ፣ የስድስት ሰዓቱ መንገድ ሳያልቅ ቃሬዛ ላይ ሞተች።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጤና ጣቢያው በየትኛው ቀበሌ ይሠራ የሚለውን አጥንቶ የወሰነው ወንድሟ ነበር። ባሕር ማዶ አሥር ዓመት የተማረው ድህነትን መለካት ነው። የትውልድ ቀበሌው "የተሻለ ኑሮ ያላቸው" ከሚለው መደብ ሲገባ ግር ቢለውም፣ ለዘመዶቹ አዳላ እንዳይባል ሳያጣራ ፈረመ።

በሰልስቷ ማግስት የያኔውን መጠይቅ ይዞ አባቱ አጠገብ ተቀመጠ።

"አባባ፣ ውኃው ከደጃችን ነው፣ ሐኪሙ ቅርብ ነው ይላል እኮ። ማነው እንዲህ ብሎ የመለሰው?"

"ሁላችንም።"

"መንደሩ በሙሉ? ለምን?"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

"እኔማ እውነቱን ልናገር ነበር። ጠያቂዎቹ ያንተን ስም ጠርተው 'እሱ ነው የላከን' ሲሉ፣ ይታይሽ ቀድማቸው በየደጁ ዞረች። 'ጋሼ ፈረንጅ አገር ተምሮ መጥቶ፣ የወጣበት መንደር የሚጠጣው ውኃ እንኳ የለውም ይባል? ምን ጎድሎብን በሉልኝ፤ በሞቴ፣ አታሳፍሩብኝ' እያለች።"