ያየ ይጽፋል

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገድ በዘጋበት ሰሞን በየከተማው ያሉት የፋብሪካው ቢሮዎች አንድ ደንብ አበጁ። ስለ መንገድ የመጣ ኢሜይል የሚያስተላልፍ ሰው በዓይኑ ያየውን ጨምሮ ስሙን ያሰፍራል። ያላየ አይጽፍም።

የሰበታ ቢሮ ሠራተኛዋ ላሊሴ ግን ባለፈው ማክሰኞ በመስኮት እንኳ ሳታይ «ሰበታ፦ ሰላም ነው» ብላ አስተላለፈች። የሰርቪስ ሾፌሩ ኦቦ ጉታ እሷን አምነው መኪናውን አስነሡ። ሐሙስ ተቀበሩ። ማንም ፊት ለፊት አልወቀሳትም፤ ብቻ ለምሳ የሚጠራት ጠፋ።

ዛሬ ቢሮ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ከኋላዋ፣ በሩ አጠገብ፣ ኦቦ ጉታ ተራቸውን ይጠብቁበት የነበረው ወንበር ባዶውን ቆሟል።

አራት ሰዓት ላይ ኢሜይል መጣ።

«ፉሪ፦ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ የለም። ሁንዴ።»

«ዓለም ገና፦ ባጃጆች ሥራ ጀምረዋል። ራቢአ።»

ላሊሴ በዚህኛው አልቸኮለችም። ለራቢአ ደወለች።

«ወጥቼ መንገዱን ልየው፤ ከዚያ እጽፋለሁ። ትንሽ ታገሺኝ።»

«ምኑን ትጽፊያለሽ? ከሰበታ እኮ ደርሶኛል፤ አሁን ልከፍተው ነው።»

«እኔ አልላክሁም። ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው የለም።»

«ከእናንተ ቢሮ ነው የመጣው።»

«አንብቢልኝ እስቲ።»

ራቢአ ማንበብ ጀመረች፤ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

«ሰበታ፦ መንገዱን ከዚህ ሆኜ አላየውም። ያየሁትን ልጻፍ። ላሊሴ ብቻዋን ናት። ስልክ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ጉታ።»