ማሽኑ ያበቀለው ወንበር

የአባቢ እግር ድኖ ነገ ከባድ መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ስጦታ ሠራሁለት፤ ብታዩት ታብዳላችሁ። ዛፍ ነፋስ በሚገፋው በኩል ይወፍር የለ? በቃ እንደሱ የሚያድግ ወንበር ነው። ሶፋው ላይ ክብደት የሚለካ ጨርቅ ደብቄ አባቢን ሳምንቱን ሙሉ ለካሁት። ከዛ ኮምፒውተሩ ክብደት ባረፈበት በኩል እያወፈረ ንድፉን አወጣ፣ የትምህርት ቤታችን ማሽን ደግሞ ከእንጨት ፈልፍሎ ሠራው።

ግን የግራ እግሮቹ ግንድ ሲያክሉ የቀኞቹ ጣት አከሉ።

«ማሽንሽ አብዷል» ብሎ አባቢ በሳቅ ሞተ።

ስጦታዬ መቀለጃ ሲሆን እልህ ያዘኝና እማንም ለክቼ ትንሽዬ ወንበር አሠራሁ። የሷ አራቱም እግር እኩል ወጣ።

«አየህ አባቢ? ማሽኑ ደህና ነው። አንተ ነህ በግራህ ብቻ የምትቀመጠው» አልኩት እየፈነደቅኩ።

አባቢ መሳቁን ተወ። እማ ቀጭኑን የወንበር እግር ዳሰስ አደረገችና ቀና ብላ አየችው።

«ቀኝ እግሬን አያመኝም አላልከኝም?»

እማ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አንስታ ጡቷ ሥር ወሸቀችው።