የሬፉሂያ የሌሊት ወፎች

ሬፉሂያ በግቢዋ ረጅም ምሰሶ አስተክላ ጫፉ ላይ የጣውላ ሳጥን ያሰቀለችው ለልጅ ልጇ ብላ ነው።

ልጇ ኖርማ ባለፈው ክረምት እርጉዝ ሳለች እዚሁ ግቢ ቢምቢ ነክሷት በደንጊ ትኩሳት ልትሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቬራክሩዝ በደወለች ቁጥር ቃሏ አንድ ነው፤ «እማ፣ ቢምቢው እያለ ልጄን ይዤ ወንዝ ዳር አልመጣም።»

ሕፃኑ አምስት ወር ሞላው። አያቱ ገና አላቀፈችውም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ የሌሊት ወፍ ቢምቢ እየለቀመ እንደሚበላ ነገረቻት። ሬፉሂያም በማግስቱ አናጢ ጠራች።

ሳጥኑን መጀመሪያ ያየው አጥር የሚጋራት ሲፕሪያኖ ነው፤ የኖርማ ክርስትና አባት፣ ሚስት ያላገባ፣ አፈኛ።

«አበልጅ፣ ርግብ ልታረቢ ነው?»

«የሌሊት ወፍ።»

«ወፍ ልሁን አይጥ ልሁን ብሎ ገና ያልወሰነ ፍጡር! እኔ እያለሁ አይሞከርም!»

ሁለት ወር አለፈ፤ አንድም አልመጣ። ሲፕሪያኖ አመሻሽ ላይ በአጥሩ ብቅ ይልና፣ «እንግዶችሽን አውቶቡስ አመለጣቸው እንዴ?» ይላታል።

አንድ ጠዋት መሰላል ተሸክሞ ምሰሶው ሥር ቆሞ አገኘችው።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ማንጎሽ ጥላ ጥሎበታል። እኔም ብሆን እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ቤት አልገባም።»

«ልታፈርሰው ነው የመጣኸው!» ብላ በመጥረጊያ አባረረችው።

በዚያው ሳምንት ሲፕሪያኖ የራሱ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሸክላውን ሲያንኳኳ ዋለ።

«ቀዳዳ እየደፈንኩ ነው! አውሬዎችሽ እንዳይገቡብኝ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያም የገመድ አልጋውን በረንዳው ላይ ዘርግቶ እዚያው ማደር ጀመረ። ሙቀቱ ነው አለ። ሬፉሂያ ግን አላመነችውም። ወፎቿን ሊያባርር ዘብ እንደቆመ እርግጠኛ ነበረች።

የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ የሌሊት ወፍ እልፍ አለ። በማግስቱ አሥር ሆኑ። በሳምንቱ ሰማዩ ተሞላ። ከየት እንደሚወጡ ለይታ ለማየት ዓይኗ አላገዛትም፤ ደግሞስ ቤት የሠራችላቸው እሷ አይደለች?

ቢምቢው ሳሳ፤ ከዚያም ጠፋ ማለት ይቻላል። ኖርማ መጣች። አያቲቱ ሕፃኑን አቅፋ በረንዳ ላይ አመሸች፤ አለቀሰችም።

ዓይኗን ጠርጋ ወደ አጥሩ ዞረች። «አበልጅ! እንግዶቼ ገቡልህ! ቅናት ይግደልህ!»

«ፀጉርሽ ውስጥ ሲገቡ እንገናኛለን!» አለ ሲፕሪያኖ፣ በገመድ አልጋው ላይ እየተገላበጠ።

እሑድ ቀትር ላይ ሬፉሂያ ዓሣ ጠበሰች። ምንም ቢሆን አበልጅ ነው ብላ ኖርማን ጥሪው ብላ ላከቻት።

የሲፕሪያኖ በረንዳ ላይ ማንም የለም። ኖርማ ገባችና የመኝታ ቤቱን በር ገፋች። ጣሪያ ሥር የነበረው ጣውላ ተነቅሏል። ከአልጋው በላይ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የሌሊት ወፎች ቁልቁል ተንጠልጥለዋል።

ሲፕሪያኖ ከኋላዋ መጥቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ፣ ልጄ፤ ተኝተዋል። ለእናትሽ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ በሳጥኗ ኮርታለች።»