ፍየል የበላችው ጽጌረዳ

ልጅ ሳለች ከግድግዳ ማዶ የሰማችው ጭቅጭቅ ዛሬም ቁርጥራጩ ይመጣባታል።

«ይሄን ቅርንጫፍ ማን ቆረጠው?» እናቷ ናቸው።

«ፍየል በልታው ይሆናላ!»

«ፍየል በቢላዋ ነው የምትበላው?»

አባቷ ምን እንደመለሱ አታስታውስም። ያን የግቢያቸውን ጽጌረዳ ግን ለማንም ጎረቤት ሳያካፍሉ አረፉ። ዘንድሮ ተክሉ ደረቀ፤ በዘመነ ጽጌ እናቷ ለማርያም የሚወስዱት አበባ አጡ። «ባዶ እጄን ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ?» እያሉ እህል አልቀምስ አሉ።

ቢጨንቃት የድሮ ጽጌረዳዎችን የሚያጠና ሰው ለምና አመጣች። ሰውየው የደረቀውን ተክል አገላብጦ አየና «ይሄስ አልቆለታል። ግን አይዟችሁ፣ ወንድሙ ኮልፌ አንድ ግቢ ውስጥ አለ» አለ።

«ወፍ ፍሬውን ወስዳው ይሆን?» አለች ልጅቱ።

«ይሄ ዓይነቱ ፍሬ አያፈራም፣ እህቴ። ሰው ቅርንጫፉን ቆርጦ ካልተከለው የትም አይበቅልም።»

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያቸው። አጥሩን ያለበሰ ጽጌረዳ፣ ከሥሩ የቆመች ጎልማሳ ሴት፣ ከግንባሯ በላይ አንዲት ነጭ የፀጉር ዘለላ።

ልጅቱ ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። የሷን ነጭ ዘለላ የወረሰችው ከአባቷ ነበር።

«የፍየሏ ግልገል» አሉ እናቷ፣ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሱ።

«እማዬ፣ ተይው በቃ። ከገበያ አበባ እንገዛለን።»

እናቷ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ነጠላዬን አቀብዪኝ። ቅርንጫፉን እኔው ሄጄ እለምናታለሁ።»