ተደብቆ የሚሠራው

ውብርስት «ነገ ልጄ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ይዣት እመጣለሁ፤ ከዚህ በላይ ዱላ አልችልም» ብላ ለእህቷ ኢሜይል ላከች። በማግስቱ ልጇን አድርሳ መልሱን ልታይ ስትል ላፕቶፗ ሰሞኑን እንደሚያደርገው ድርቅ ብሎ ቀረ። ላፕቶፑን ይዛ ጥገና ቤት ሄደች።

«ሜሞሪው ሞልቶ ነው፣ እህቴ» አላት ባለሙያው። «ተደብቆ የሚሠራ ፕሮግራም ጨርሶታል።»

«የምን ፕሮግራም?»

«የምትጽፊውን ሁሉ እየገለበጠ ወደዚህ አድራሻ ይልካል።»

አድራሻው የባሏ ነበር።

ላፕቶፑን እዚያው ጥላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች። ዘበኛው ስታለከልክ አይቶ ደነገጠ።

«እትዬ፣ አባቷ ቅድም መጥቶ ወሰዳት እኮ» አለና ልጅቷ ረስታው የሄደችውን ምሳ ዕቃ አቀበላት።