የምናለ ፍሬን

የሳይክሉን ፍሬን እጀታ እጨብጠዋለሁ። እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ባለፈው ሲመጣ እንደ ሰፍነግ እጄ ውስጥ ይሰምጥ ነበር፤ ቱቦው አየር ይዞ ነበርና በሲሪንጅ አዲስ ዘይት እየገፋሁ የመጨረሻዋ አረፋ እስክትወጣ አስተንፍሼዋለሁ። አሁን አየር የሚባል የለበትም። ሳይክሉን ገፋ አድርጌ እንደገና እጨብጣለሁ። ጎማው የያዘው ነገር እንደሌለ ሁሉ ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

ምናለ ክንዱ ላይ የተላጠውን ቆዳ ያሳየኛል። የጁቤ መንገድ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ትናንት ጠዋት ሲወርድ፣ ድልድዩ ጋ ባለው ቁልቁለት ፍሬኑ አልይዝ ብሎት፣ ከወንዙ ቦዩ ይሻላል ብሎ ራሱን ጥሏል። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሌላ ቦታ ውሰደው ብለውኝ ነበር፣ አልሰማ ብዬ ነው ይላል። ሌላ ቦታ የለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍሬን ከፍቶ የሚዘጋ ሰው እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ከፍተው ነው የሚተዉት።

እናቱ እትዬ እቴናት አብረውት መጥተዋል። ገና ከበሩ ሲገቡ ከእግር እስከ ራስ አይተውኝ፣ ልጄን ልትገድልብኝ የነበረችው ይቺ ናት ወይ ብለው ጠየቁት። እኔም ሊቀመጡ ከሆነ በርጩማ አለ፣ ሊፈርዱ ከሆነ ግን ፍርድ ቤቱ ወደ ላይ ነው አልኳቸው። ምናለ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሳቸው ሳይስቁ ተቀመጡ።

የፊቱን ጎማ አውልቄ፣ ዲስኩን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ግራ ቀኝ ጨብጠው የሚያቆሙትን ሸራዎች አወጣቸዋለሁ። ደረቅና ሻካራ መሆን ሲገባቸው ቅቤ እንደ ጠጣ ጸጉር ያብረቀርቃሉ። የዘጋሁት ቱቦ አፍስሶ ይሆን? ጣቴን ዲስኩ ላይ አሽቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋለሁ። የፍሬን ዘይት አይሸትም። የኪዳን ጠዋት ነው የሚሸተው። ቅባ ቅዱስ።

ቀና ስል እትዬ እቴናት የነጠላቸውን ጫፍ፣ ቋጠሮ ያለበትን፣ ጨብጠው ይዘዋል። ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን።

አንዲት ቃል ትበቃኛለች። ምናለ ከትናንት ጀምሮ ለአስተማሪ ጓደኞቹ ስሜን እያነሳ ሲጥል ነው የዋለው፤ አሁን እዚሁ፣ እናቱ ፊት፣ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ይታየኛል። ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ ናት። ምላሴ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም።

ከፋርማሲ ለቁስል የሚሆን አልኮል ገዝተህ ና፣ ዲስኩ ይታጠባል እለዋለሁ። ምን ሆኖ ነው ይላል። ስትመለስ እለዋለሁ።

ከዓይን ሲርቅ ከበርጩማቸው ሥር ቁጢጥ እላለሁ።

«እትዬ፣ ይቺን ብረት ቀብተዋታል?»

«ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት፣ እሱ ሳይነሳ። ከደብረ ወርቅ ያመጣሁት ነው። ምነው?»

«ከሳይክሉ ሁሉ ለምን እሷን?»

«እሱ ነዋ ያሳየኝ። እማዬ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነፍሴን የምትይዛት ይቺ ናት አለኝ። ታዲያ የቷን ልቀባ?»

ከዚያ ሁሉ ብረት መካከል ትክክለኛዋን ነው የመረጡት።

ቀስ ብዬ አስረዳቸዋለሁ፤ ይቺ ብረት የምትይዘው ስትደርቅ ብቻ ነው፣ ቅቤም ይሁን ቅባ ከነካት ታንሸራትታለች። እየተናገርኩ እጃቸው ወደ አፋቸው ይሄዳል። የልጃቸውን የተላጠ ክንድ በሐሳባቸው እያዩት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱ ግን እዚህ የለም።

«እኔ ነኛ የጣልኩት» ይላሉ። ከዚያ፣ «ትነግሪዋለሽ?»

«ሳይክሉን ሊያሠራ ነው የመጣው፤ እናቱን ሊያስከስስ አይደለም። ቅባው ግን ለሰው ነው፤ እሱን ይቀቡት።»

እሱማ መች ይቀርብልኛል ይላሉ። ግንባሩን ልቀባው ስል ትልቅ ሰው ሆኛለሁ ብሎ እጄን ይመልሰዋል። ይህን እያሉ ቋጠሮውን ፈትተው ብልቃጧን ያወጣሉ፣ ልመልሰው ሳልችል እጄን ይይዙታል። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ መዳፌን ከነጣቶቼ ይቀቡኛል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አዲሱን ሸራ ገና አልገጠምኩም፣ ቅባ በነካው እጅ ደግሞ አይገጠምም ማለት ነበረብኝ። እጄን እተውላቸዋለሁ።

ምናለ አልኮሉን ይዞ ይመለሳል። ታዲያ ምን ሆኖ ኖሯል ይላል። ሸራው ዘይት ነክቶት እለዋለሁ። የማን ዘይት?

«እዚህ ቤት ከኔ ሌላ ዘይት የሚነካ ማን አለ?»

ድሮም አውቄዋለሁ እንደሚል ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ያቺ ንቅነቃ ታቃጥለኛለች። እውጣታለሁ።

«በል አንተው ሥራው» እለዋለሁ።

መሣሪያዬን ሰው አስነክቼ አላውቅም። ዲስኩን ያጥባል፤ ለራሴ ሳይክል አስቀምጬው የነበረውን ሸራ ከመደርደሪያው ያወርዳል፤ ካቻቢቴውን እንደ እርሳስ ሲይዘው፣ አስተማሪ መሆንህ እዚህ አይጠቅምህም እለዋለሁ። እጅሽ ምን ሆኖ ነው ሥራ የፈታው ይላል። ለእጄ ዛሬ በዓል ነው እለዋለሁ። እትዬ እቴናት ዓይናቸውን ወደ መሬት ይሰብራሉ።

ጎማው ይገባል። ሸራው እስኪለምድ በሩ ላይ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ይመላለሳል፤ ከዚያ ኮብልስቶኑን ቁልቁል ይለቀዋል። እትዬ እቴናት ከበርጩማው ብድግ ይላሉ። ነጠላቸው ክንዴን ይነካኛል፤ ትንፋሻቸው ግን አይሰማኝም።

ታች፣ ከመታጠፊያው በፊት፣ ይጨብጠዋል። ሳይክሉ የኋላ ጎማውን ብድግ አድርጎ ባለበት ይቆማል።

ምናለ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ ዞር ይላል፣ ወደ እኛ ቀና ብሎ ያያል። እኔ ምንም እንዳልነካ የተቀቡትን ሁለት መዳፎቼን ወደ ላይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ እናቱ ከጎኔ። ከዚያ ሆኖ ሲያየን የምንጸልይ ሳንመስለው አንቀርም።